ያ ጥግ ለምን ባዶ ቀረ?

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከአቃቂ ነው። ቤታችን የማኅበር ቤት ነው፤ ቦታው 250 ካሬ ነው። በሩ በመንገዱ በኩል ነው፣ ግቢው ከበሩ ወደ ጓሮ ትንሽ ይዘቀዝቃል። ማድ ቤቱ ከቤቱ ጀርባ በምሥራቅ አጥር በኩል ነው። በቤቱና በማድ ቤቱ መካከል 7 በ5 ሜትር የሆነ ክፍት ቦታ አለ። አሁን 3 በ4 የሆነ ዕቃ ቤት መሥራት ፈልገናል። አማቴ በየዓመቱ ከቢቸና ጤፍ ይልኩልናል። በርበሬና ሽሮ አለ፣ ከሰል አለ፣ ከግንባታ የተረፈ ፌሮና ቆርቆሮ አለ፣ ለድግስ የሚወጣ ጎላ ድስት አለ። ሁሉም በረንዳ ላይ ተከምሯል። በቦታው ግን መስማማት አቃተን። ባለቤቴ በሩ አጠገብ ይሁን ይላል፤ ጤፉ ከመኪና ሲወርድ ይቀላል ብሎ። አማቴ አሁን እኛ ጋ ናቸው። እሳቸው እንግዳ እንዳያየው ጓሮ መጨረሻ፣ ባዶው ጥግ ላይ ይሁን ይላሉ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድም እዚያው ነው። እኔ ማድ ቤቱ አጠገብ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ግን ስጥ የማሰጣበት ቦታ ሊያልቅብኝ ነው። ከሦስቱ የቱ ይሻላል? ቆርቆሮ ወይስ ብሎኬት?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ የደረሰኝ በሰኔ መጀመሪያ ነው። በጥሩ ጊዜ ጻፍሽልኝ። ገና አልቆፈራችሁም፣ ዝናቡም ገና መጀመሩ ነው።

መልሴን ላስቀድም። ማድ ቤቱ አጠገብ ይሁን። ግን 3 በ4 አይሁን፣ ከሰሉም እዚያ አይግባ፣ ሥራውም እስከ ጥቅምት ይቆይ። ምክንያቱን አንድ በአንድ ልንገርሽ።

ግቢ ውስጥ አንድ ባዶ ጥግ ስናይ «ይሄ ምንም አይሠራም» ብለን ዕቃ ቤት እንተክልበታለን። አብዛኛው ስህተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ባዶ የሚመስለን ቦታ ብዙ ጊዜ ሥራ አለው። ውሃ ይወርድበታል። ቧንቧ ያልፍበታል። የጎረቤት መስኮት አየር ያገኝበታል። በርበሬ ይሰጣበታል፣ በበዓል በግ ይታረድበታል፣ ለቅሶ ሲመጣ ድንኳን ይጣልበታል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን «የት ባዶ ቦታ አለ?» ብለን አይደለም። «ይህ ቦታ እስከ ዛሬ ለምን ባዶ ቀረ?» ብለን ነው።

ይህን የተማርኩት ከፍዬበት ነው። የራሴን ዕቃ ቤት የሠራሁት ጓሮ ጥግ ላይ ነበር። በግንቦት ጨረስኩት። ወለሉን ከመሬት እኩል ሊሾ አደረግኩት፣ አማረልኝ። በሐምሌ አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ደርሷል። የስንዴው ጆንያ ከሥር ጠጥቶ አብጧል። ስንዴው ይተካል። አባቴ ለእናቴ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ግን በካርቶን ሆነው ወለሉ ላይ ነበሩ። ቀለሙ ፈሶ ወረቀቱ ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀኝ። አንዱንም ማንበብ አልቻልኩም። ያ ጥግ በበጋም እርጥብ ነበር። እናቴ ጎመን የምትተክለው ለዚህ ነበር። እኔ ግን ለምን እዚያ ብቻ እንደሚለመልም አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

የእናንተም ጥግ የግቢው ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ይሄ ከራስሽ ደብዳቤ የታወቀ ነው። ግቢው ወደ ጓሮ ይዘቀዝቃል ብለሻል። ከጣሪያው፣ ከመኪና ማቆሚያው፣ ከላይኛው ጎረቤትም የሚመጣው ውሃ መድረሻው እዚያ ነው። በዚያ ላይ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ አለ። በጉድጓድ ክዳን ላይ ጤፍ አይቆለልም። ክዳኑ ያን ሁሉ ኩንታል እንዲሸከም ታስቦ የተሠራ አይደለም። ጉድጓዱ ሲሞላ ደግሞ የመምጠጫው መኪና ቱቦውን ዘርግቶ እዚያ መድረስ አለበት፣ ክዳኑም መከፈት አለበት። ያኔ ዕቃውን ሁሉ አውጥታችሁ ወለሉን ልትሰብሩ ነው። ሽታው እህሉ ውስጥ መግባቱ ሳይቆጠር ማለት ነው። ስለዚህ ይህን ጥግ ከሐሳባችሁ አውጡት።

አማትሽን ግን በዚህ አትሞግቻቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያቸው፦ «ቢቸና ጎተራው የት ነበር የሚቆመው?» በያቸው። እሳቸው ይህን ከእኔም ከአንቺም በላይ ያውቁታል። ጎተራ ረባዳ ላይ አይቆምም። ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ይቀመጣል፣ ከሥሩ አየር ያልፋል፣ ከቤቱም አይርቅም፤ የእመቤቲቱ ዓይን እንዳይለየው ነው። እሳቸው እንግዳ አይየው ያሉት ስለ ክብር ነው። ይህን ክብር ደግሞ በሌላ መንገድ መጠበቅ ይቻላል። ፊቱን በቤቱ ቀለም ቀቡት፣ በሩን በደንብ አሠሩት። ከሳሎን የሚታይ ከሆነ አንድ ሐረግ ተክላችሁ ሽቦ ላይ ሳቡት። ያን ጊዜ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

ባለቤትሽ ያሰበው በሩ አጠገብ ያለው ቦታ ከጓሮው ይሻላል፤ ከፍ ያለ ነው፣ ደረቅ ነው። የማልስማማው በምክንያቱ ነው። ጤፉ ከመኪና የሚወርደው በዓመት አንዴ ነው። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው፣ ከባድ ነው፣ እውነት ነው። ግን ተሸካሚው ከበሩ እስከ ማድ ቤቱ ተጨማሪ ጥቂት ሜትር ቢሄድ የአንድ ቀን ሥራ ነው። በርበሬና ሽሮ የምታወጪው ግን በየቀኑ ነው። ዝናብ ላይ፣ ጨለማ ላይ፣ ወጥ እሳት ላይ ጥደሽ። ቦታ ስትመርጡ ዕቃው በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚገባ ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደሚወጣ ቁጠሩ። ደግሞ በሩ አጠገብ ያለ ዕቃ ቤት ከመንገድ ይታያል፣ መኪና ሲዞር ያስቸግራል፣ ድንኳን ሲጣልም እንግዳ የሚገባበትን ቦታ ይይዛል። ለባለቤትሽ የያዝኩለት አንድ ነገር ግን አለ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ቦታ እንምጣ። 7 በ5 ነው ያልሽው። 3 ሜትር ከአጥሩ ወደ ውስጥ ከወጣ፣ ከአጥሩ የሚተወው ክፍተት ሲጨመርበት፣ የሚቀርሽ አንድ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ያ መተላለፊያ እንጂ ስጥ ማስጫ አይሆንም። ስለዚህ ጠባብና ረጅም አድርጊው፦ 2 ሜትር በ5፣ በምሥራቁ አጥር ርዝመት። ከአጥሩ 60 ሳንቲም ያህል ራቂ፣ መጥረጊያ ይዞ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት። ከማድ ቤቱ 1 ሜትር፣ ከቤቱም 1 ሜትር ይቅር። እንዲህ ከሆነ 2 ሜትር ከ40 በ7 የሆነ ክፍት ቦታ ይተርፍሻል። ዕቃ ቤቱ በምሥራቅ ስለሆነ ጥላው የሚወድቅበት ጠዋት ነው። ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ማታ ፀሐዩ የስጡ ነው።

2 ካሬ ቀነሰብኝ ብለሽ አትዘኚ። ካሬ በሆነ ክፍል ውስጥ መሀሉ ይሞላል፤ የኋላውን ለማውጣት የፊቱን ሁሉ ማንሳት ነው። በጠባቡ ግን ዕቃው በአንድ ግድግዳ ይደረደራል፣ በፊቱ ትሄጃለሽ፣ ሁሉም በእጅሽ ይደረሳል። ከዕቃ ቤት የሚፈለገው ይሄ ነው።

አሁን ትልቁ ጉዳይ፣ አፈሩ። አቃቂ አካባቢ ብዙው መሬት ጥቁር አፈር ነው። የእናንተም እንደዚያ መሆኑን ለማወቅ መሐንዲስ አያስፈልግሽም። በጥርና በየካቲት መሬቱ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ጫማሽ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ብዙ ሰው «ዕቃ ቤት ቀላል ናት፣ መሠረት አያስፈልጋትም» ይላል። በጥቁር አፈር ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ከባድ ሕንፃ በክብደቱ አፈሩን ተጭኖ ይይዘዋል፣ ቀላሏን ግን አፈሩ ያነሳታል። መጀመሪያ የምታዪው በሩ አልዘጋ ሲል ነው። ቀጥሎ ሊሾው መሀሉ ላይ ይሰነጠቃል። ብሎኬት ከሆነ ደግሞ ከበሩ ጥግ ጀምሮ ደረጃ የመሰለ ስንጥቅ ይወጣል።

ስለዚህ ጥቁሩን አፈር ቢያንስ ግማሽ ሜትር አስወጡ። በምትኩ ሰሌክት፣ ማለት የተመረጠ ጠጠራማ የመሙያ አፈር፣ ሙሉበት። አንዴ ደፍታችሁ አይደለም፤ በትንሽ በትንሹ፣ ውሃ እያርከፈከፋችሁ፣ እየጠቀጠቃችሁ። ወለሉ ከዙሪያው መሬት 30 ሳንቲም ያህል ከፍ ይበል። ዙሪያውን ደግሞ ወደ ውጪ የሚያዘነብል የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ንጣፍ አድርጉለት። ይህችን ንጣፍ አትዝለሏት። ሰሌክት ውሃ ያሳልፋል፣ ከሥሩ ያለው ጥቁር አፈር ግን ቶሎ አያሳልፍም። ውሃው በጎን ከገባ የቆፈራችሁት ቦታ እንደ ገንዳ ይይዘዋል፣ ሥሩ ያለው አፈር ያብጣል፣ ያወጣችሁት ወጪ ሁሉ መና ይሆናል።

ቆርቆሮ ወይስ ብሎኬት ላልሽው፣ በእናንተ አፈር ላይ እኔ የብረት ፍሬም በቆርቆሮ እመርጣለሁ። መሬቱ ትንሽ ቢንቀሳቀስ አብሮ ይተጣጠፋል እንጂ አይሰነጠቅም። የቆርቆሮ ጠንቁ ማላቡ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ከጣሪያው ሥር ጤዛ ይይዝና ጠዋት ይንጠባጠባል። ሰው ጣሪያው ቀዳዳ ያለው ይመስለዋል። ኮርኒስ ይሠራለት። በግድግዳዎቹ ላይ ደግሞ ከላይም ከታችም ወንፊት ሽቦ ያለው የአየር ማስገቢያ ይኑር። ወንፊቱ ጥቅጥቅ ያለ ይሁን። ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አይጥ ያስገባል።

ጣሪያው ወደ እናንተ ግቢ ይዘቅዝቅ፣ ወደ ጎረቤት ፈጽሞ እንዳይሆን። አንድ ሒሳብ ላሳይሽ። በ1 ካሬ ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። የእናንተ ጣሪያ 10 ካሬ ነው። በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 300 ሊትር ነው፤ አንድ ተኩል በርሜል። ይህ ሁሉ በአንድ ጎን ተንዶ የጎረቤት ግድግዳ ሥር ከወረደ ጠብ ነው። አሸንዳ አድርጋችሁ ማድ ቤቱ ጋ ሮቶ ላይ ብትመልሱት ግን ለዕቃ ማጠቢያ ይሆናል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ውሃ በፈረቃ ለምታገኝ እናት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የሮቶው ትርፍ ውሃ የት እንደሚሄድም አስቡበት፤ ወደ ዕቃ ቤቱ ሥር እንዳይመለስ።

ስለ ጎረቤት ካነሳን፣ ሳትጀምሩ የምሥራቁን ጎረቤት ቡና ጥሯቸው። የት እንደሚቆም፣ ምን ያህል ከፍ እንደሚል አሳዩዋቸው። የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን የሚያውክ ወይም የሚጎዳ ነገር እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ጢስንና መጥፎ ሽታን በስም ይጠቅሳል። ሕጉ አለ፣ ግን ከሕጉ በፊት ቡናው ይሻላል። መስኮታቸውን የምትጋርዱ ከሆነ ከፍታውን ቀንሱ።

ፈቃድ ደግሞ ዕቃ ቤት ነው ተብሎ አይታለፍም። በ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ከወጣ ወዲህ ግንባታ ያለ ፈቃድ አይጀመርም። ካርታችሁን ይዛችሁ የአካባቢያችሁ የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፣ ከአጥር ምን ያህል መራቅ እንዳለባችሁም እዚያው ጠይቁ። እነሱ ከ60 ሳንቲም በላይ ካሉ የነሱን ያዙ።

ከሰሉ ለምን እንደማይገባ ልንገርሽ። ከሰል አቧራው በሁሉም ላይ ይቀመጣል፤ ዋናው ግን እሳቱ ነው። የጠፋ የመሰለ ረመጥ ከከሰል ጋር ተቀላቅሎ ጆንያ ውስጥ ሲቀር ሌሊት ሊነሳ ይችላል። የጋዝ ሲሊንደርም አይግባ። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈሰሰ ወለል ላይ ይተኛል እንጂ በላይኛው መስኮት አይወጣም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ቀለም፣ ናፍጣ፣ የተባይ መድኃኒትም ከእህል ጋር አይደር። በርበሬና ሽሮ ሽታ ይስባሉ።

እዚህ ላይ ነው ወደ ባለቤትሽ የምመለሰው። እሱ ያሰበው ቦታ ለከሰሉ ጥሩ ነው። በሩ አጠገብ አጥሩን ተጠግቶ አንድ ትንሽ የላሜራ ሳጥን ይሠራ፤ ወገብ የሚደርስ፣ አየር የሚያስገባ፣ ቁልፍ ያለው። ከሰሉ እዚያ ይግባ፤ ከመኪና ሲወርድም አቧራው ግቢውን አያቋርጥም። ፌሮውንና ቆርቆሮውን ደግሞ ከአጥሩ ጋር በብረት መስቀያ ላይ አንጠልጥሉት። ፌሮ 12 ሜትር ድረስ ይረዝማል፤ የትኛውም ዕቃ ቤት አይችለውም። እውነቱን ለመናገር፣ የማትጠቀሙበት ከሆነ ሽጡት። ለማይሠራበት ብረት ቦታ መሥራት ትርፍ ወጪ ነው።

ጤፉን በተመለከተ፣ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እንደ በቆሎ አያጠቃውም። ጠላቱ እርጥበትና አይጥ ነው። ጆንያው ወለል አይንካ፣ ግድግዳም አይንካ። ከሥሩ የእንጨት ርብራብ ይሁን፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ። ጎላ ድስቱን ከላይ መደርደሪያ ላይ አታድርጊው፣ ከባድ ነው። ታች በሩ አጠገብ ይሁን።

አሁን በዚህ ክረምት ምን ታደርጊያለሽ? ዛሬውኑ አራት ችካል ትከሉ፣ 2 በ5 ለክታችሁ ሲባጎ ዙሩበት። ሁለት ሳምንት እንደዚያው ኑሩበት። ማታ ከማድ ቤት ስትመጪ ያደናቅፍሽ እንደሆነ ታያለሽ። ልጆች ካሉ በየት በኩል እንደሚሮጡ ታያለሽ። ችካሉን ማንቀሳቀስ ወጪ የለውም። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጃንጥላ ይዘሽ ውጪ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚያልፍ፣ የት እንደሚቆም እይ። ሲያባራ መንገዱን በኖራ አስምሪው። በሐምሌም በነሐሴም ድገሚው። የውሃው መስመር በሲባጎው ውስጥ ካለፈ ዕቃ ቤቱን ጠጋ አድርጉት፤ ውሃውን መንገዱን ለማስለወጥ አትሞክሩ።

የቧንቧችሁን መስመርም አጣሩ። ከቆጣሪው ወደ ማድ ቤቱ የሚሄደው በየት በኩል እንደተቀበረ የዘረጋው ሰው ያስታውስ ይሆናል፣ ደውሉለት። ከላይም ተመልከቱ፤ የመብራት ገመድ የሚያልፍ ከሆነ ከሥሩ አትሥሩ።

ጥቅምት ላይ መሬቱ ጠጠር ሲል ቆፍሩ። ጤፉ እስኪመጣ ይደርሳል።

ያ የጓሮው ጥግ ሣር ይብቀልበት። የጉድጓዱን ክዳን ግን በአፈር አትሸፍኑት፣ ዕቃም አትጣሉበት። የመምጠጫው ሠራተኛ መጥቶ «የት ነው?» ሲል በጣትሽ ማሳየት እንድትችዪ።